የአንድ ሰው ቦታ

መቅደላ የሰይፈዲንን ምስጢር በአባቱ ፊት ዘረገፈችው። በክፋት አይደለም፤ በንዴትም አይደለም። በጨዋታ ነው። ያውም እየወደደችው፣ ይጠቅመዋል ብላ፣ ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅታበት። ይህ ሁሉ ጥፋቱን አያቀልላትም፤ ያከብድባታል እንጂ። ሳያስብ ያጠፋ ሰው «አላሰብኩትም» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። አስቦ፣ አቅዶ፣ ደክሞ ያጠፋ ሰው ግን ከየት ይጀምራል?

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ከተማውን፣ መንገዱን፣ ሽፍታውን፣ ዝናቡን ሳይቀር የሚፈጥረው እሱ ነው። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ አንዳንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ሐኪም፣ ሌላው ከጦር የሸሸ ወታደር። መሪው «ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የሚያደርጉትን የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ናቸው። ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር የሉዶ ዳይስ ይጣላል። አሸናፊ የለም፤ ታሪኩ ብቻ ይቀጥላል።

መቅደላ ይህን ከዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኞቿ ተምራዋለች። ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ ሸሽታ ደብረ ብርሃን የተፈናቃይ መጠለያ ስትደርስ፣ ቀኑን ሙሉ የወሬ ወሬ ከመስማት ይሻላል ብላ ጀመረችው። አብረዋት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ፈቃዱ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ነው፤ መጠለያ ውስጥም ሆኖ የሚያስቅ ነገር የማያጣ ሰው። ሳሚራ የመርሳ ልጅ ናት፣ ነርስ። ሰይፈዲን ደግሞ የሳሚራ የአጎት ልጅ ነው፣ የታሪክ አስተማሪ።

መቅደላን «አባጋር» ብሎ የሰየማት ሰይፈዲን ነው። አባጋር ማለት በወሎ ደም የተቃባን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ ቃሉ አይረገጥም። «የእሷም ቃል አይረገጥም» አለ ሰይፈዲን። «ልዩነቱ፣ አባጋር ፂም አለው።»

እሱ በጨዋታው ውስጥ የጨው ነጋዴ ሆነ፤ ስሙንም ከቢር አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመቅደላ እቅድ ሰላም አላገኘም። አንድ ጊዜ ከተማ አስከበበች። በሩ፣ ዘቡ፣ ከዳተኛው፣ ሁሉም በጭንቅላቷ ውስጥ ተሰድሮ አልቋል። ከቢር ግን ተራው ሲደርስ ጨው ዘርግቶ ቁጭ አለ።

«ይሄ እኮ ከበባ ነው!» አለችው።

«ታዲያ የተከበበ ሰው ወጡን ያለ ጨው ይብላ?»

«ጠላት በር ላይ ነው።»

«እሱም ይበላል። ለእሱ ትንሽ አስወድጄ እሸጥለታለሁ።»

ሳሚራ በሳቅ ተደፋች። ፈቃዱ «ይቺ ልጅ ጨዋታ አታጫውተንም እኮ፤ ፈተና ነው የምትፈትነን። መልሱን የምታውቀው ራሷ ብቻ» አለ። መቅደላ ተናደደች። ተናዳ ቀና ስትል ሰይፈዲን እያያት ነው። የሚያሾፍ ዓይን አይደለም፤ «ተቀየምሽ እንዴ?» የሚል ዓይን ነው። የዚያን ዕለት ከበባው በጨው ንግድ ተፈታ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ታሪክ ባወጣች ቁጥር አስቀድማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ሆነ፤ «ሰይፉ ይሄን እንዴት አድርጎ ያበላሽብኝ ይሆን?» ፍቅር እንደያዛት የገባት፣ እንዲያበላሽባት መናፈቅ ስትጀምር ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ። እሷ ወልድያ፣ እሱ መርሳ። ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታው ቀጠለ፤ አንዳንዴ ወልድያ ፈቃዱ ቤት፣ አንዳንዴ መርሳ የሰይፈዲን አባት ዘንድ። የሁለቱ ነገር እየጠነከረ ሲሄድ የመቅደላ አባት አቶ ንጉሴ ሰሙ። አቶ ንጉሴ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሃይማኖቱን «ወሎ ውስጥ ማን ይሄን ይጠይቃል» ብለው አለፉት። ማንጎውን ግን ማለፍ አቃታቸው። የሰይፈዲን አባት ማንጎ አልሚ ናቸው፤ አስተማሪው ልጅም ትምህርት ሲዘጋ ሳጥን ተሸክሞ መኪና ይጭናል።

«እኔ ልጄን ያስተማርኳት መርሳ አስፋልት ዳር ማንጎ እንድትቆጥር ነው?» አሉ።

«እኔስ ያገባሁህ ወረቀት ስታገላብጥ ልይ ብዬ ነበር?» አሏቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉወርቅ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። የሰይፈዲን ሽማግሌዎች በነሐሴ የመጀመሪያው እሁድ እንዲመጡ ተፈቀደ።

ይህ ከሆነ በኋላ ነው ሰይፈዲን ምስጢሩን የነገራት። ሲሪንቃ ነው የተገናኙት፤ ለእሱም ለእሷም መንገድ እኩሌታ ስለሆነ የሚገናኙት እዚያ ነው። ከአስፋልቱ ዳር በእርሻ ምርምር ማዕከሉ ማሳ አጥር ጥግ ጥግ እየሄዱ ሳለ ድንገት ቆመ።

«ሽማግሌ ከመላኬ በፊት የማገባሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እወቂ» አላት።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«የሸሸን ቀን ውርጌሳ ድረስ በእግራችን ሄድን። አባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ መኪና ልለምን ወደ ፊት ሄድኩ። አንድ አይሱዙ ቆመልኝ። ሹፌሩ ‹ሁለት ሰው እችላለሁ፤ ቶሎ!› አለኝ። ሁለት አለኝ፣ መቅዲ። ዞር ብዬ አባን አየኋቸው። እሳቸውን አንስቼ፣ ደግፌ እስካመጣቸው ድረስ መኪናው ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። ዘልዬ ወጣሁና ‹አባ፣ የአንድ ሰው ቦታ ነው ያለው!› ብዬ ጮህኩ።»

«እሳቸውስ?»

«እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ‹ሂድ ልጄ፣ ለእኔ ብለህ እንዳትወርድ› አሉኝ። መረቁኝ።»

አባቱ ወደ መርሳ በእግራቸው ተመልሰው ያን ሁሉ ጊዜ ብቻቸውን ከረሙ። ሲመለስ ከስተው፣ ግን በሕይወት አገኛቸው። «እስከ ዛሬ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ‹ቦታዬን ለልጄ ለቅቄ› እያሉ ያወራሉ» አለ ሰይፈዲን። «እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

መቅደላ እጁን ያዘችው። ያን ጊዜ እጁን ይዛ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ዝም ማለት ግን አልፈጠረባትም። ሚኒባስ ተሳፍራ ወልድያ ሳትደርስ መፍትሔውን አገኘች። በእውነተኛው ዓለም ያመለጠውን በጨዋታው ውስጥ ትመልስለታለች። ከቢር ሽማግሌ ከመንገድ ያነሳል፤ አዝሎ ጋሪ ላይ ያወጣል። አባቱ ጨዋታውን መስማት ስለሚወዱ እሳቸው ባሉበት ይሁን። ልጃቸው ሽማግሌ ሲያዝል ይሰማሉ፤ እሱም ያለቅሳል፤ ይቀለዋል። ጋሪው ደግሞ ለሁለት ሰው ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ቦታ ከሌለ ምርጫው ምርጫ አይሆንም። ታሪክ ስትሠራ እንዲህ ነበር የምታስበው። ያ «ሁለት» የሚል ቃል ከእሷ ጭንቅላት ወጥቶ ማን ጆሮ ውስጥ እንደሚገባ አላሰበችም።

የሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ ነበር፤ መርሳ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ደብድቦ ገና ማባራቱ ነው። የሰይፈዲን አባት ጋሽ አብዱልሐሊም መደቡ ላይ ጋደም እንዳሉ ሬዲዮናቸውን ዘጉ።

«ያ ከቢር ዛሬ ምን ይሸጥ ይሆን?»

«ዛሬ አይሸጥም ጋሼ፤ ይሸሻል» አለች መቅደላ።

«ከማን?»

«ጦር መጥቶበት።»

«እሱንማ ለምደነዋል!» ብለው ሳቁ።

መቅደላ ጀመረች። «ከተማው ባዶ ሆኗል። ከቢር በቅሎውን ጭኖ ሲወጣ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አየ። መራመድ አቅቷቸዋል። ከቢር ምን ያደርጋል?»

ሰይፈዲን ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ «እንዳታደርጊው» ይላል። እሷ «አይዞህ» አለችው፤ በዓይኗ።

«ጨው ይሸጥላቸዋል» አለ። ከፈቃዱ በቀር የሳቀ የለም።

«ገንዘብ የላቸውም።»

«በዱቤ።»

«ሰይፈዲን!»

«እሺ፤ በቅሎዬን እሰጣቸዋለሁ። እሳቸው ይሂዱ።»

«በቅሎዋ እግሯ ተሰብሯል።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ዳይስ ሳይጣል?» አለ ፈቃዱ። «ኧረ አባጋር፣ ለበቅሎም ዕድሏ ይሞከርላት እንጂ!»

«ተሰብሯል አልኩ።»

«ወደ ጫካው ይዣቸው እገባለሁ» አለ ሰይፈዲን።

«ጫካው እየነደደ ነው።»

«በክረምት?» አለች ሳሚራ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መቅዲ፣ ወደ እኔ አምጪው በቃ። እኔ ሐኪም አይደለሁ? እግራቸውን ልይላቸው።»

«አንቺ ሩቅ ነሽ። ሰይፉ፣ ተራው ያንተ ነው።»

ሰይፈዲን ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ረጋ ብሎ ነው ያስቀመጠው።

«እንግዲያው ከቢር ይቀመጣል» አለ።

«ምን?»

«ድንጋዩ ላይ፣ ሽማግሌው አጠገብ። የመጣው ይምጣ። አብሬያቸው እቀመጣለሁ።»

ሳሚራ ወደ ሰይፈዲን ዞረች። ፈቃዱም ቀልዱን ትቶ ተቃንቶ ተቀመጠ። መቅደላ ብቻ ነበረች ያልሰማችው። የሰማችው እቅዷ ሲያመልጣት ነው። ጋሪው ሊመጣ ነው፤ መታዘሉ አለ፤ እንባው አለ። በድንጋይ ላይ በመቀመጥ የሚያልቅ ታሪክ አላዘጋጀችም።

«መቀመጥ አይቻልም» አለች ቶሎ ብላ። «ጋሪ እየመጣ ነው። ባለ ጋሪው ከሩቅ ይጮሃል፤ ‹ሁለት ሰው እችላለሁ! ቶሎ በሉ፣ ሁለት!›»

የሰይፈዲን ፊት ተለወጠ። እሷ የጠበቀችው እንባ ነበር። ያየችው ግን ገበያ መሀል ልብሱን የገፈፉት ሰው ፊት ነው።

ከመደቡ በኩል ድምፅ መጣ።

«ሁለት አለ?»

ጋቢያቸውን ወደ ጎን አደረጉ።

«ሰውየው ሁለት ነው ያለው?» ጋሽ አብዱልሐሊም ተነስተው ተቀምጠዋል። የሚያዩት መቅደላን አይደለም፤ ልጃቸውን ነው።

«ጨዋታ ነው አጎቴ» አለች ሳሚራ።

ሰይፈዲን እሱን ቃል ደግሞት ቢሆን ነገሩ ያልፍ ነበር። «ጨዋታ ነው አባ» ቢል ያበቃ ነበር። እሱ ግን «አባ...» ብሎ ቀረ። አንገቱን ደፋ። የደፋው አንገት ሁሉንም ተናገረ።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «ዐስር ሰላት ደርሷል» አሉ። ሰይፈዲን ሊደግፋቸው እጁን ዘረጋ።

«ተወኝ፤ እችላለሁ» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። ለውዱእ ሊታጠቡ ወጡ፤ ሰይፈዲንም መቅደላን ሳያያት በጓሮ በኩል ወጣ። መቅደላ ዳይሱን አፍጥጣ እያየች ቀረች። ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጋለ፤ ግን ገና ሁሉም አልገባትም።

የገባት ወደ ወልድያ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ፈቃዱ አጠገቧ ተቀምጦ ብዙ መንገድ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል እስከዚያ ቀን አይታ አታውቅም።

«ልጁ እኮ መርጦ ነበር» አላት በመጨረሻ።

«ምን መረጠ?»

«‹አብሬያቸው እቀመጣለሁ› አለሽ። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አትንገሪኝም። ግን ያቺ ቃል ከሆዱ ነው የወጣችው። ማንም ሳይነግረው ራሱ አገኛት። አንቺ ጋሪ ላክሽበት።»

መቅደላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጋሪ ላከችበት። ልጁ ዓመት ሙሉ ሲያንገበግበው የኖረውን ነገር በገዛ አፉ፣ በገዛ መንገዱ ሊያስተካክለው ነበር፤ እሷ «አይቻልም» አለችው። ምክንያቷም ያላሰበችው መሆኑ ብቻ ነው። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ዘመድ ሞተብሽ?» አሏት። «አይ እማማ» አለች። የሞተ ቢኖር የምትለው አታጣም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ጻፈችለት። ስልኳ ላይ እያስረዘመች ጻፈች፤ አጠፋች፤ እንደገና ጻፈች። «ያሰብኩት እንዲህ ነበር» ብላ ታብራራለች። እሱ «ደህና ነኝ» ብቻ ይላል። «ልምጣ?» ስትለው መልስ የለም። ዓርብ ዕለት የሰይፈዲን አጎት ለአቶ ንጉሴ ደወሉ፤ የእሁዱ ይቆይ አሉ።

«ጊዜው ስለከፋ ነው ይላሉ» አሉ አቶ ንጉሴ ስልኩን እያስቀመጡ። «በቆቦ በኩል ነገር አለ ይባላል። ሰው እቃውን እየቋጠረ ነው።» ከዚያ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ዳኛ ናቸው፤ ፊት ማንበብ ይችላሉ። «ወይስ እሱ ትቶሽ ነው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ምን አጥፍተሽ?»

መናገር አልቻለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ የሰይፈዲንን ወገን ይዘው እንዲቆጧት ፈለገች። እሳቸው ግን «ኤዲያ፣ የማንጎ ነጋዴ ኩራት!» ብለው ተነሱ። እሷ በበደለችው ሰው ላይ ተፈረደ፤ እሷም ዝም ብላ ሰማች። ያቺ ዝምታ ከሁሉም በላይ አሳፈረቻት።

በማግስቱ መርሳ ሄደች። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ሁሉ ፍራሽና ጀሪካን ጭኗል። ጋሽ አብዱልሐሊም ግቢያቸው ውስጥ የውሃ መውረጃውን በአካፋ እየከፈቱ አገኘቻቸው።

«መጣሽ? ዝናብ ሳይይዝሽ ግቢ» አሏት። እንደ ወትሮው ነው ያሏት። እሷ ግን እዚያው ቆመች።

«ጋሼ፣ እንዲያናግረኝ እዘዙልኝ። የአንቱን ቃል አይረግጥም።»

ሽማግሌው አካፋውን ተደገፉ። «አባጋር ነሽ ይሉሻል አይደል?»

«ቀልድ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ በልጅነቴ አባጋር ሲቀመጥ ሄጄ አይቻለሁ። የገዳይ ወገን በዚህ፣ የሟች ወገን በዚያ። ሽማግሌው ምን ሲሠሩ የሚውሉ ይመስልሻል?»

«ሲፈርዱ?»

«ዱዓ ሲያደርጉና ሲሰሙ። አንዱ ‹አልታረቅም› ብሎ ተነስቶ ይሄዳል። ‹ሂድ› ይሉታል። ሌላ ቀን ይመጣል፣ ወይ አይመጣም። መጨረሻውን ቢያውቁትማ ለምን ፀሐይ ላይ ይውላሉ? ቤታቸው ሆነው ይልኩለት ነበር።»

መቅደላ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ጋሼ፣ የመኪናውን ነገር... አያውቁም ነበር?» አለች።

«አላውቅም ነበር። ባልሰማው ይሻለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።» አካፋውን ጭቃው ላይ ተከሉት። «ልጄንማ ወላሂ ይቅር ብየዋለሁ። ወጣት ነው፤ ፈራ። እሱ ቀላል ነው። ግን እኔ ያን ጊዜ ብቻዬን ስከርም፣ ሲርበኝም ስፈራም ‹ቦታዬን ለልጄ ሰጥቼ ነው› እል ነበር። ያቺን ቃል ይዤ ነው ያለፍኩት። ለካ የሰጠሁት ነገር የለም። የእኔ ቦታ ባዶውን ሄዷል።»

መቅደላ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አነሰባት። ከእኚህ ሰው የወሰደችውን በምን ትመልሳለች? የወሰደችው የልጃቸውን ምስጢር ብቻ መስሏት ነበር የመጣችው።

«ውስጥ አለ» አሏት ወደ አካፋቸው ጎንበስ እያሉ። «ግቢ። አላዝዘውም፤ አልከለክለውምም።»

ሰይፈዲን ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ እየጠቀለለ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ገመዱን ማጥበቁን ቀጠለ። ከስቷል። ልቧ ወደ እሱ ዘለለ፤ እግሯ ግን በሩ አጠገብ ቀረ።

«ልትሄዱ ነው?»

«አላወቅንም። አባ ከሄዱ አብረን እንሄዳለን፤ ከቀሩ አብረን እንቀራለን።»

«ሰይፉ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። አስቤበታለሁ። መጀመሪያ አንተና ጋሼ ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ፤ እኔም እኖራለሁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው እሁድ...»

ሰይፈዲን ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነው።

«ይኸው! ይቅርታሽም ተራ አለው። የማለቅሰው ስንተኛው ላይ ነው? እሱንም ንገሪኝና ልዘጋጅ።»

«እንደሱ አትበል።»

«ምን ልበል ታዲያ? አንቺ ዘንድ እኮ መጨረሻው ቀድሞኝ ደርሶ ነው የሚጠብቀኝ! ጨው ስሸጥ ትናደጃለሽ፤ ስቀልድ ትናደጃለሽ። ሳቅ ብዬ ልለፈው ስልሽ የበቅሎዬን እግር ሰበርሽብኝ። ያንን ነገር በሕይወቴ ለአንድ ሰው ነው የነገርኩት፣ መቅደላ። ለአንድ ሰው! አንቺ መጫወቻ አደረግሽው።»

«እንዲቀልህ ብዬ ነው።»

«ማን አቅልይልኝ አለሽ? የነገርኩሽ እንድታውቂኝ ነው። እንድትጠግኚኝ አይደለም።»

ውጭ የአካፋው ድምፅ ቆመ፤ እንደገና ቀጠለ። መቅደላ ከወልድያ ጀምሮ ስትደረድረው የመጣችው ንግግር አንድ በአንድ ከአፏ ላይ ወደቀ። ሁሉም «ምክንያቱም» የሚል ቃል ነበረበት። የቀራት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«‹አብሬያቸው እቀመጣለሁ› ብለህ ነበር» አለችው። «አልሰማሁህም።»

የሰይፈዲን እጅ ገመዱ ላይ ቆመ።

«ሰምተሽኛል ብዬ ነበር» አለ። «ሰምተሽ፣ ንቀሽ የተውሽው ነበር የመሰለኝ። እስካሁን የነደደኝ እሱ ነው።»

«አልሰማሁህም። እቅዴን ነበር የምሰማው።»

ዓይኖቻቸው ተገናኙ። ያ የድሮው፣ የጨው ነጋዴው ዓይን ለአንዲት ቅጽበት ብቅ ያለ መሰላት፤ ወዲያው ግን ጠፋ። ፍራሹ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገው።

«ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው?» አላት።

የምትፈልገውን ታውቃለች። ቃል በቃል ታውቀዋለች። እዚህ ቆማ ብታለቅስ እንደሚላትም ታውቃለች፤ እሱ ሰው ሲያለቅስ አይችልም። እንባው ደግሞ ማስመሰል አይደለም፤ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል። ግን ይኼም ሌላ ጋሪ ነው። መንገዱን ሁሉ ዘግቶ በአንዱ በር ብቻ የሚያስወጣ። ዋጠችው፤ አመማት።

«የምትለውን አላውቅም» አለችው።

«ሽማግሌዎቹስ?»

«አላውቅም፣ ሰይፉ።»

ይህች ቃል ከእሷ አፍ ስትወጣ እሱ ሰምቶ አያውቅም። እሷም ስትላት እርቃኗን የቆመች ያህል አፈረች። ሰይፈዲን ወደ መስኮቱ አየ። ደመናው ከብዷል።

«ወደ ወልድያ የሚመለስ መኪና ታገኛለሽ?»

«እሱንም አላውቅም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ፊቷን እንዲያይ ብትፈቅድለት፣ ትንሽ ብትዘገይ፣ አንዴ ዞር ብትል የሚሆነውን ታየው ነበር። ዓይኑ ምን እንደሚመስል፣ ከፍራሹ ተነስቶ እንደሆነ፣ እጁን ዘርግቶ እንደሆነ። እስከዛሬ ያለችው ቃል ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ሳታይ ተነስታ አታውቅም። አንገቷ ሊዞር ሲል ያዘችው። ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።